ከጽዋው ጋር የሄደው ስልክ

ስልኩ እንደሚለው አባቴ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ማክሰኝት ነበሩ፤ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ። አባቴ እንደሚሉት ግን ቀኑን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እግራቸውን አላወጡም። ከጎንደር ማክሰኝት አንድ ሰዓት የሚጠጋ የመኪና መንገድ ነው። አንድ ሰው በሁለቱም ቦታ ሊውል አይችልም።

እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ስልኩን የማምነው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቄ አራዳ ውስጥ የስልክ ጥገና ሱቅ ከፍቻለሁ። ካርታው ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነጥብ አንዳንዴ ትዘገያለች፣ አንዳንዴም አስፋልቱን ተሻግራ ጎረቤት ቤት ትገባለች፤ ከጎንደር ተነሥታ ማክሰኝት ግን አትገባም። አባቴን፣ መሪጌታ ኪዳነወልድን፣ የማምናቸው ደግሞ ሲዋሹ ሰምቼ ስለማላውቅ ነው። ሲደብቁ ግን አይቻለሁ።

ነጥቧን ስልካቸው ላይ የጫንኋት እኔ ነኝ። አባቴ ስኳር አለባቸው። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ኪኒናቸውን ውጠው፣ እህል ሳይቀምሱ ውለው፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ዳር ወደቁ። ያነሷቸው የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው። ከስልካቸው የመጀመሪያውን ቁጥር ሲደውሉ ያነሳችው ባሕር ዳር ያለችው ታላቅ እኅቴ የትነበርሽ ነበረች። ነርስ ናት። ስንት የወደቀ ሰው እንዳየች እሷ ታውቃለች፤ ግን "አንድ ሽማግሌ ካህን እዚህ ወድቀዋል፣ አንቺ ምናቸው ነሽ?" ያላት ድምፅ አሁንም ጆሮዋ ላይ እንዳለ ትነግረኛለች።

ከዚያ በኋላ ደንብ መጣ። ብቻቸውን ከከተማ አይወጡም። ስልኩ አይጠፋም፣ ከኪሳቸውም አይለይም፤ ሲደወል ወዲያው ይነሳል። ደንቡን የምታወጣው የትነበርሽ ናት፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር የምኖረው እኔ ስለሆንሁ የማስፈጽመው እኔ ነኝ። ሰፈሩም የራሱን ጨመረበት። ባለሱቁ ስኳር ሲጠይቁት አልቋል ይላቸዋል። የባጃጅ ሾፌሮች ራቅ ያለ ቦታ ከጠሩላቸው ለእኔ ሳይደውሉ አያንቀሳቅሱም። የሰበካ ጉባኤውም ተሰብስቦ በማኅሌት እንዳይቆሙ ወሰነና አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበር ሰጣቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ዝማሬው ከእግርና ከመቋሚያ ጋር እንዴት እንደሚሄድ፣ ጸናጽሉ የት እንደሚነሳና የት እንደሚወርድ። አሁን ተማሪዎቻቸው ሲያሸበሽቡ ከወንበሩ ላይ ሆነው ያያሉ። አንድ ቀን ከኋላቸው ቆሜ ሳይ፣ በነጠላቸው ሥር የቀኝ እግራቸው ጣቶች ከከበሮው ጋር ይነሣሉ ይወድቃሉ።

ሁሉም የሆነው በፍቅር ነው። ለዚህ ነው የሚቀየሙት ሰው ያጡት።

እኔ ይህን ነገር አስቤበት አስቤበት ዳር አላደረስሁትም። ሱቄ እየመጡ "ሚስቴ የት እንደምትሄድ የሚያሳየኝ ነገር ስልኳ ላይ ጫንልኝ" የሚሉኝ ባሎች አሉ። እምቢ እላለሁ። "ለልጄ" የሚሉኝ እናቶችም አሉ፤ ለእነሱ እሺ እላለሁ፣ ልጅቷ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ግን እጠይቃለሁ። ለአባቴ ስጭን ማንንም አልጠየቅሁም። እሳቸውን እንኳ "ስልኩን ላስተካክልልዎ" ብዬ ነው የተቀበልኋቸው። ባልጭንላቸውና አንድ ቀን ገደል ሥር ቢገኙ ምን እል ነበር? ይህም ጥያቄ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ይዤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስፈታ እውላለሁ፤ በየመሀሉ የራሴን እከፍትና ነጥቧን አያለሁ። ቤት ናት። ቤተ ክርስቲያን ናት። መንገድ ላይ ናት። ካላየሁ እጄ አያርፍም፤ አይቼም ልቤ አያርፍም።

ነገሩን ያባባሰው የአስማረ መምጣት ነው። ቄስ አስማረ የአባቴ የድሮ ተማሪ ነው፤ አሁን ከአዲ አርቃይ ወጣ ብሎ ካለ ደብር ያገለግላል። የደብሩ የአቋቋም መምህር ስላረፉ ወንበሩ ባዶ ሆኗል፣ ተማሪዎቹም እየተበተኑ ነው። "የኔታ፣ ዓመትም ቢሆን፣ ሁለት ዓመትም ቢሆን፤ ወንበሩ እንዳይታጠፍ" ብሎ እግራቸው ሥር ወደቀ። አባቴ "ለመድኃኔዓለም ማግሥት መልሴን እልክልሃለሁ" አሉት።

የትነበርሽ በስልክ ስትሰማ መልሱን እሷ ሰጠች። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ጋራው ላይ ሲወጣ ነው። መንገዱም ሰሞን ጠብቆ ይዘጋል። ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ አባቴም አልተከራከሯትም። "አያለሁ" ብቻ አሏት።

የመድኃኔዓለም ማግሥት ጠዋት ከእኔ ቀድመው ወጡ። ረፋድ ላይ የትነበርሽ ደወለች።

"አባባ የት ናቸው?"

"ቤተ ክርስቲያን።"

"አይተሃል?"

"ሲወጡ ሰምቻለሁ።"

"ካርታውን ክፈት።"

ከፈትሁ። ማክሰኝት።

"ስደውል ይጠራል፤ አያነሱም" አለች። ድምጿ የሥራ ድምፅ ሆኖ ነበር፤ ሲብስባት እንደዚያ ነው የምትናገረው። "ነጥቧ አልተነቃነቀችም፣ ወንድሜ ዋኘው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ ናት።"

ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥሁ። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ያገኘኋቸው ተማሪዎች "የኔታ ጠዋት ነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ አላየናቸውም" አሉኝ። አረንጓዴው ወንበር ባዶውን ነበር። ከዚያ በላይ አልፈለግሁም። ካርታው ነግሮኛል፤ ለምን እፈልጋለሁ? በአዘዞ በኩል የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

መንገዱን ሁሉ ነጥቧን እያየሁ ሄድሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ስልኬን ዘንበል ብሎ አየና "ፈረስ ጠፍቶህ ነው?" አለኝ። እሱ ባለፈው ወር ማክሰኝት ገበያ በሬ ጠፍቶበት በሦስተኛው ቀን እንዳገኘው አጫወተኝ። "አባቴ ናቸው" ስለው "ሰው እንደዚህ ይፈለጋል እንዴ?" አለ።

ነጥቧ የወሰደችኝ ወደ ወይዘሮ ብርቄ ግቢ ነው። ብርቄን አውቃታለሁ። አባቴ የነፍስ አባት የሆኑለት የመድኃኔዓለም ማኅበር አባል ናት። ከጎንደር ወደ ማክሰኝት ከመጣች ወዲህ እንኳ ማኅበሯን አልተወችም። ግቢው ውስጥ ሴቶች ተሰብስበው ሳይ ለቅሶ መሰለኝ። አንዷ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ በሩ እየሰገደች ነው።

"ሞቱ?" አልኋት ብርቄን።

"ማ?" አለች ደንግጣ። ከዚያ አወቀችኝ። "ዋኜ ነህ? ምነው ፊትህ እንዲህ አመድ መሰለ?"

"አባባ የት ናቸው?"

"እኔ የት አውቄ። ትናንት ማኅበሩ ላይ ሸጋ ሆነው ነበር የተለያየን።"

ይህን እያለች ከቤት ውስጥ በገና ተደረደረ። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። የምትሰግደዋ ግንባሯን መሬት አስነካች። ብርቄ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ስልክ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ለእነዚህ ማን ያስረዳልኝ? ከጠዋት ጀምሮ ከጽዋው መሶብ ውስጥ በገና ይደረደራል።"

ያን ጊዜ ገባኝ። የበገናውን ጥሪ የመረጥሁላቸው እኔ ነኝ፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ትናንት በማኅበሩ ላይ አባቴ ጸሎት ሲያደርሱ ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ከጽዋው አጠገብ አስቀምጠውታል። የሚቀጥለው ተራ የብርቄ ስለነበረ ጽዋው ከነመሶቡ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተሰጣት፤ እሷም ይዛው ተሳፈረች።

"ለምን አላወጣሽውም?"

"ካህን ሳይኖር ጽዋውን እኔ ልገልጠው?" አለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ከመሪጌታ ልጅ መስማቷ እንዳሳዘናት ያስታውቃል። "የእኛ ቄስ ደግሞ ቀብር ሄደው አልተመለሱም። ለየኔታ ልንገራቸው ብዬ ብደውል መሶቡ ራሱ ጠራ።"

መሳቅ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ቄሱ እስኪመጡ በር ላይ ቁጭ አልሁ። በመሀሉ በገናው ደጋግሞ ተደረደረ፤ የምትደውለው የትነበርሽ እንደሆነች አውቃለሁ። በመጨረሻ ቄሱ መጡ፣ ጸሎት አድርሰው ጨርቁን ገለጡ፣ ስልኩን በሁለት ጣት ይዘው ሰጡኝ። "ለየኔታ ንገራቸው፣ ለማኅበሩ አዲስ አባል አስገብተዋል" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። የምትሰግደዋ ብቻ አልሳቀችም።

ለየትነበርሽ ደወልሁ። "ስልኩ ብቻ ነው። አባባ እዚህ የሉም።"

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። "እና የት ናቸው?" አለች።

አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት። ከጠዋት ጀምሮ አንዳችንም አባቴን አልፈለግንም፤ የፈለግነው ነጥቧን ነው።

የአባቴን ስልክ ኪሴ ከትቼ ተመለስሁ። ሚኒባሱ ጠዳ ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ስልኬ ጠራ።

"ምነው ቆምክ?" አለች የትነበርሽ።

"ሰው እየወረደ ነው።"

አዘዞ አካባቢ ረዳቱ የሚመልሰው ዝርዝር አጥቶ ከተሳፋሪ ጋር ሲከራከር ቆምን። እንደገና ጠራ። "አሁንስ?"

"እታለም፣ እኔን ነው እኮ የምታይው። አባባን አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለች። "ማየት ማቆም አልቻልኩም።"

የተናገረችው የእኔን ነገር ነው፤ ስለዚህ አልተቆጣኋትም። ግን ከዚያ በኋላ መስኮቱን ሳይ፣ ስቀመጥ፣ ስዞር፣ ትከሻዬ ላይ አንድ ነገር ነበር። ምንም ያጠፋሁት የለም፤ የምሄደውም ወደ ቤቴ ነው። ቢሆንም አዘዞ ላይ ወርጄ ውሃ ልጠጣ አስቤ ተውሁት፤ ለምን እንደወረድሁ ማስረዳት ታከተኝ። የአባቴ ዓመት እንዲህ ነው ያለፈው ማለት ነው፤ ውሃ ልጠጣ እያሉ እየተዉት።

ቤት ስደርስ በራችን ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ነክረዋል። ሁለቱም እግሮች አብጠዋል። ስልኩን አወጣሁ።

"ኧረ፣ የት አገኘኸው?" አሉ።

"ማክሰኝት። ከጽዋው ጋር ሄዶ።"

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። "ብርቄ ደንግጣለች በል።"

"አባባ፣ የት ዋሉ?"

"ቅጥር ውስጥ። ከዕቃ ቤቱ ኋላ።"

"ተማሪዎቹ አላየናቸውም አሉ።"

"እንዳያዩኝ ነዋ። ቢያዩኝ ወንበር ያመጡልኛል።" እግራቸውን በውሃው ውስጥ አሻሹ። "መቋሚያዬን ይዤ ማኅሌቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ቆሜ ሞከርሁት። ብቻዬን። ለአስማረ መልስ መስጠት አለብኝ፤ እግሬን ሳልጠይቅ ምን ብዬ እመልስለታለሁ?"

"እና?"

"ከግማሽ አለፍሁ። ከዚያ አዞረኝ። ተቀመጥሁ፣ በኪሴ የያዝሁትን ዳቦ በላሁ፣ ሲሻለኝ ተነሥቼ ቀጠልሁ። እስከ መጨረሻው ግን አልደረስሁም።" ይህን የተናገሩት እንደ ማንኛውም ወሬ ነው።

"ስልኩንስ? ረስተውት ነው?"

"ማኅበሩ ላይ ረሳሁት። ማታ ትዝ አለኝ። ትዝ ካለኝ በኋላ ግን አልፈለግሁትም።"

የትነበርሽ ስትደውል ድምፁን ለሁለታችንም ከፈትሁት። አባቴ የነገሩኝን ሁሉ ደገሙላት፤ መዞሩንም ሳይደብቁ። ጨርሳ ሰማቻቸው።

"ሰዓት ገዝቻለሁ" አለች። "ከእጅዎ አይወልቅም። የልብዎን ምት ያያል፣ ቢወድቁ ራሱ ይደውልልናል። ነገ በአውቶቡስ እልከዋለሁ። ኔትወርክ ባለበት ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ጎንደር ይቀመጣሉ። የፈለጉትን ያህል ይቁሙ፣ ሰበካ ጉባኤውን እኔ አነጋግረዋለሁ። አዲ አርቃይ ግን አይሆንም፣ አባባ።"

አባቴ እግራቸውን ከውሃው አወጡ። ፎጣ አቀበልኋቸው።

"የትነበርሽ፣ ኪዳነወልድ አባቴ ያወጣልኝ ስም እንዳልሆነ ታውቂያለሽ?"

አታውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

"ከቤት ጠፍቼ ነው የተማርሁት። ያን ጊዜ ብዙው ተማሪ እንደዚያ ነበር። አገርህ የት ነው ሲሉኝ ሌላ አገር ጠራሁ፤ ስሜንም ሌላ አልሁ፣ እንዳልገኝ። አባቴ በየገበያውና በየደብሩ ፈለገኝ። አንድ ቀን እኛ ካለንበት ጉባኤ ድረስ መጣ። ደበሎዬን ተከናንቤ ከተማሪዎቹ መካከል ሆኜ አየሁት። ጠየቀ፣ የለም አሉት፣ ሄደ። ያን ጊዜ ይህ የት እንዳለሁ የሚናገር ስልክ ኪሴ ውስጥ ቢኖር እኔ ዛሬ አራሽ ነበርሁ።"

"እናትዎስ?" አለች የትነበርሽ።

"አለቀሰች።"

"በሕይወት ሳለች ደረሱላት?"

አባቴ ፎጣውን አጠፉት፤ እንደገና ዘረጉት። "አልደረስሁላትም።"

አሁን የትነበርሽ ድምጿ የሥራ ድምፅ አልነበረም።

"እኔም እኮ እንደሷ እንዳልሆን ነው፣ አባባ። ሌላ ምንም የለኝም።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ትክክል ነበርሁ አላልሁሽም። በእሷ የሠራሁት እስካሁን ያቃጥለኛል። ለዚህ ነው በአንቺ ላይ የማልደግመው። አሁን አልጠፋም፤ ስሜንም አልለውጥም፤ ነገ የምሄደው ነግሬሽ ነው። የምሄደውም ግማሹን ቆሜ፣ ግማሹን ተቀምጬ ላስተምር ነው። ኪኒናዬን እወስዳለሁ፣ ዳቦዬን ከኪሴ አላጣም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተማሪ ይዞኝ ጋራው ላይ ወጥቼ እደውልልሻለሁ። ያልደወልሁ ዕለት ያን ጊዜ ፈልጊኝ።"

"ጋራው ላይ ሲወጡ ቢወድቁስ?"

"እወድቃለሁ" አሉ። "ልዋሽሽ?"

አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ እግራቸው ትንሽ እንደተንቀጠቀጠ አየሁ። ገንዳውን ይዘው ውሃውን ሊደፉ ወደ ግቢው ጥግ ሄዱ። ልነሣና ልቀበላቸው ነበር፤ ተውሁት።

"ሄዱ?" አለች የትነበርሽ።

"ውሃ ሊደፉ።"

"ዋኘው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስልኩ ላይ ያለችው ትቆይ። ሰዓቱ ይቅር፣ እሺ። ጋራው ላይ ሲወጡ እንኳ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለች ይበቃኛል። መቆየቷን እሳቸው አያውቁም። አንተ ብቻ አታጥፋት።"

የአባቴ ስልክ እጄ ላይ ነበር። ለእሷ ያን ያህል ነገር መከልከል ከባድ ነው፤ ለራሴም መከልከሌ ነው። ነገ ሱቅ ውስጥ የሰው ስልክ ስፈታ እጄ ወደ ካርታው እንደሚሄድና ምንም እንደማያገኝ አሰብሁ። እሑድ እስኪመጣ ያሉትን ቀናት አሰብሁ። አንድ እሑድ ሳይደወል ቢቀር፣ ባሕር ዳር ሄጄ ፊት ለፊቷ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አባቴ ባዶውን ገንዳ ይዘው ሲመለሱ፣ እንዲሰሙት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ።

"እታለም፣ አባባ እየሰሙ ነው። ነጥቧን ዛሬ አጠፋታለሁ፣ ነገም በአዲ አርቃይ መንገድ እስከ ደባርቅ ሸኝቻቸው እመለሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንዳሉ የምናውቀው እሳቸው ሲነግሩን ብቻ ነው።"